ባለ ሁለት ደርብ ሞዴል ባቡር፦ ዳገቱን ሳታሰሉ እንጨት አትቁረጡ

4 በ5 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተከትሎ የሚዞር ሀዲድ፣ ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ቢዘረጋ አንድ ዙሩ 15.6 ሜትር ነው። ሁለተኛ ደርብ ሲታከልበት ርዝመቱ እጥፍ ይሆናል፣ የሰው መተላለፊያው ግን በአንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይጠብም። ባለ ብዙ ደርብ ሞዴል ባቡር የሚሠራው ለዚህ ነው። ሥራው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከደርቦቹ በአንዱ ላይ ሳይሆን በመካከላቸው፣ ባቡሩ ከታች ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ ነው። ደርብ ላይ የተጣመመ ሀዲድ ነቅሎ ማቃናት ይቻላል። መወጣጫው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ዳገቱ በዝቶ ቢገኝ ግን ከማፍረስ ሌላ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ መወጣጫው ነው። መጠኖቹ ለኤችኦ፣ ማለትም የሀዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ለሆነው የ1፡87 ሚዛን ናቸው።

ባቡርን ከደርብ ወደ ደርብ ለማውጣት ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሀዲዱን በግድግዳው ዙሪያ ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ መውሰድ ነው። ከላይ ባልኩት ክፍል 15.6 ሜትሩ በ2 በመቶ ዳገት 31 ሴንቲ ሜትር ያስገኛል፤ ላይኛው ደርብ ለመድረስ አንድ ዙር ተኩል ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ባቡሩ ከዓይን አይሰወርም፣ ኩርባውም ሰፊ ነው። ችግሩ ጣቢያ ሜዳ ላይ ካልሆነ ፉርጎዎቹ እየተንሸራተቱ ስለሚሄዱ፣ ጣቢያ በተሠራ ቁጥር ዳገቱ ይቋረጣል፤ የቀረው መንገድ ደግሞ ያንን ለማካካስ ዳገቱ ይበልጥ ይበዛል። ጣቢያ ለማይበዛበት የተራራ መስመር እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው አሳንሰር ነው። ሙሉውን ባቡር የተሸከመ መደርደሪያ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ቦታ አይፈጅም፤ ነገር ግን የባቡሩ ርዝመት በመደርደሪያው ርዝመት ይወሰናል፣ ሀዲዱም በደረሰ ቁጥር ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት መግጠም አለበት። አሳንሰሩ በቦታው በሌለበት ጊዜ ወደ እሱ የሚወስደው ሀዲድ ኤሌክትሪኩ በራሱ የሚቋረጥ ካልሆነ፣ አንድ ቀን ባቡሩ እስከነ ፉርጎው ገደል ይገባል።

ሦስተኛው ሄሊክስ ነው፤ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ በራሱ ላይ እየዞረ የሚወጣ ክብ ሀዲድ። ረጅም ባቡር ለሚነዳና ጣቢያውን ሜዳ ላይ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን ይመለከታል።

ስሌቱ

አብዛኛው ሰው ስሌቱን ከሬዲየሱ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከቁመቱ ነው። ባቡሩ በአንድ ዙር ውስጥ ስንት መውጣት አለበት? ከራሱ በላይ ያለውን ዙር ሳይነካ የሚያልፍበትን ያህል። በኤችኦ ከሀዲዱ አናት በላይ 76 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ መተው የተለመደ ነው። ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ የጫነ ትልቅ ፉርጎ ቁመቱ ወደ 71 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ልዩነቱ ከመጠን በላይ አይደለም። በዚህ ላይ ሀዲዱ ከነተጋዳሚው፣ ማለትም ከሥሩ ካለው አግዳሚ ጋር፣ 5 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። መንገዱን የሚሸከመው ኮምፔንሳቶ 12፣ ኮምፔንሳቶውን ከታች የሚይዘው ጠፍጣፋ ብረት 4። ሲደመር 97 ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ለመጠባበቂያ ጨምረን 98 እንያዝ።

አሁን ሬዲየሱ ይመጣል። በ75 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ የክቡ ዙሪያ 471 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በዙር 98 ሚሊ ሜትር መውጣት 2.08 በመቶ ዳገት ነው። በ60 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ዙሪያው ወደ 377 ይወርድና ዳገቱ 2.6 በመቶ ይሆናል። ግማሽ በመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኩርባ ራሱ እንደ ዳገት ይቆጠራል፤ የመንኮራኩሩ ጠርዝ ሀዲዱን እየፋቀ ስለሚሄድ ባቡሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ለኤችኦ የሚሠራበት ቀላል ቀመር 81ን በሴንቲ ሜትር በተለካው ሬዲየስ ማካፈል ነው፤ የተገኘው ቁጥር ዳገቱ ላይ ይደመራል። ለ75 ሴንቲ ሜትር 1.08 ስለሚመጣ ሎኮሞቲቩ የሚሰማው ዳገት 3.16 በመቶ ነው። ለ60 ሴንቲ ሜትር 1.35 ስለሚመጣ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ወረቀት ላይ ትንሽ የነበረው ልዩነት ሀዲድ ላይ ሲወጣ የባቡሩን ርዝመት በአንድ አምስተኛ ያህል ያሳጥረዋል።

ይህን በግራም ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር የሚመክረው የኤችኦ ፉርጎ ክብደት 28 ግራም መነሻ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ርዝመት 5.6 ግራም ይጨመርበታል። ስለዚህ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ፉርጎ 112 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ሃያ ፉርጎ 2240 ግራም ነው፤ ይህን በ3.16 በመቶ ለማውጣት 71 ግራም ጉልበት ያስፈልጋል፣ ሎኮሞቲቩ ራሱን ለማውጣት ደግሞ 8 ግራም ገደማ። የአክስሉ ሰበቃ ገና አልተቆጠረም። 400 ግራም የሚመዝን ሎኮሞቲቭ የሚጎትተው የክብደቱን ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ፣ ማለትም ከ80 እስከ 100 ግራም ነው። በሃያ ፉርጎ መንኮራኩሩ በባዶ መሽከርከር ይጀምራል፤ በአሥራ አምስት ፉርጎ ግን 61 ግራም ስለሚበቃው ተረጋግቶ ይወጣል። ሃያውን የፈለገ ሁለት ሎኮሞቲቭ ያያይዝ ወይም ሬዲየሱን ያስፋ። ይህ የሚወሰነው እንጨቱ ሳይቆረጥ በፊት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጥቀስ። በስዊዘርላንድ ቤርኒና መስመር ላይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የብሩዚዮ ክብ ድልድይ ሬዲየሱ 70 ሜትር ነው። በ1፡87 ሲቀነስ 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በእውነተኛው ዓለም ከታወቁት ጠባብ ኩርባዎች አንዱ ክፍላችን ውስጥ ከምንሠራው ይሰፋል። እዚያ ዳገቱ 7 በመቶ ደርሶ ባቡር የሚወጣው ብዙ ሞተር ያላቸው አክስሎች ስለሚገፉት ነው፤ በአንድ ሎኮሞቲቭ ለሚጎተት የፉርጎ ሰልፍ ምሳሌ አይሆንም።

የዙሩ ብዛት በመውጫው አቅጣጫ ይወሰናል። ባቡሩ ከገባበት በተቃራኒው ጎን እንዲወጣ ከተፈለገ ግማሽ ዙር ይጨመራል። 4.5 ዙር ብንወስድ 441 ሚሊ ሜትር እንወጣለን፣ የመንገዱም ርዝመት 21.2 ሜትር ይሆናል። ባቡሩ በሚዛኑ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ሄሊክሱን ለመጨረስ 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህን ያህል ጊዜ ባቡሩ እንደማይታይ ከአሁኑ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሀዲዱ ነጠላ ከሆነ ሌላው ባቡር በዚያ ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል። ድርብ ሀዲድ ካሰባችሁ የውስጠኛው ሬዲየስ 69 ሴንቲ ሜትር ይሆንና ዳገቱ ወደ 2.26 በመቶ ያድጋል። በዚያ ጊዜ የሚወጣውን ባቡር በውጪው፣ የሚወርደውን በውስጠኛው ሀዲድ መውሰድ ነው።

በጣም የሚዘነጋው ደግሞ የዳገቱ መነሻና መድረሻ ነው። ከሜዳ በአንድ ጊዜ ወደ 2.08 በመቶ ከተገባ ማያያዣዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ተንሸራተው ይላቀቃሉ፣ የረጅም ሎኮሞቲቭ አፍንጫም ሀዲዱን ይነካል። ከሜዳ እስከ ሙሉ ዳገት ቢያንስ 1 ሜትር ይሰጠው፤ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ በመቶ ያህል ይጨምር። ይህ ማለስለሻ መንገድ ከሄሊክሱ ውጭ ነው መሆን ያለበት። የመጀመሪያው ዙር ውስጥ ከገባ፣ ያ ዙር 98 ሚሊ ሜትር ሳይወጣ ስለሚዞር ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ይጫነዋል፤ ከፍ ያለው ፉርጎም እዚያ ላይ ጣሪያው ይቧጠጣል። ሁለቱ ማለስለሻዎች እያንዳንዳቸው ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ስለሚያስገኙ በደርቦቹ መካከል ያለው ልዩነት 46 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ትንሽ ሚዛን ችግሩን ያቃልለዋል የሚሉ አሉ፤ እውነት የሚሆነው በከፊል ነው። በ1፡160 ባቡሩ ያንሳል እንጂ ኮምፔንሳቶው አይሳሳም። ለባቡሩ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ለእንጨቱ፣ ለብረቱና ለሀዲዱ 2 ሴንቲ ሜትር ሲያዝ በዙር 6 ሴንቲ ሜትር መውጣት ግዴታ ነው። ዳገቱ 2.1 በመቶ እንዲሆን ሬዲየሱ 45 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ብዙዎች የሚገምቱት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

እንጨቱን መቁረጥ

የሄሊክሱ መንገድ ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በሁለት ንብርብር ይሠራል። ክቡን ከሙሉ ሉህ በጥምዝ መቁረጥ እንጨት ያባክናል። የተሻለው እያንዳንዱን ዙር ከ12 ቁርጥራጭ መገጣጠም ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ የውጪ ጎኑ 42.3፣ የውስጥ ጎኑ 37 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ ሁለቱም ጫፎቹ በ15 ዲግሪ ይቆረጣሉ። 244 በ122 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሉህ መጋዙ የሚበላውን ጨምሮ 11 ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ርብራብ ይወጣዋል። ከእያንዳንዱ ርብራብ ቁርጥራጮቹን አንዱን ቀጥ ሌላውን ግልብጥ አድርጎ በማሰለፍ 6 ይገኛል፤ በአንድ ሉህ 66 ማለት ነው። ለ4.5 ዙር በሁለት ንብርብር 108 ቁራጭ ስለሚያስፈልግ ሁለት ሉህ ይበቃል። የሚተርፉት 24 ቁርጥራጮች ለማለስለሻዎቹ ይሆናሉ።

ማዕዘኑ ላይ መቀለድ አይቻልም። መጋዙ 15 ዲግሪ መስሎ 14.5 ቢቆርጥ፣ በ24 ጫፍ ሲባዛ 12 ዲግሪ ይጎድላል፤ ክቡ ሊዘጋ ሲል ወደ 16 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ 12 ቁራጭ ብቻ ቆርጣችሁ ኮላ ሳትቀቡ ወለል ላይ ደርድሩ። ክፍተት ካለ ማዕዘኑን ለክታችሁ ለ24 አካፍሉት፤ መጋዙን የምታስተካክሉት በዚያው ልክ ነው። ከተስማማ በኋላ መጋዙን ሳትነኩ የቀሩትን በአንድ ጊዜ ቁረጡ፤ በመካከል ማዕዘኑን ቀይሮ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ሁለቱ ንብርብሮች ሲጣበቁ የላይኛው መጋጠሚያ በታችኛው ቁራጭ መሐል ላይ ማረፍ አለበት። ኮላው ከዳር እስከ ዳር በስስ ይቀባና በሞርሳ ይጠበቃል፤ የፈሰሰው ሳይደርቅ ይጠረግ። ጠርዞቹ በሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ አይገጥሙም፣ ያ ምንም ችግር የለውም። ክቡ ገና ወለል ላይ ጠፍጣፋ ሳለ ከመሐሉ በ75 ሴንቲ ሜትር ልኬት የሀዲዱን መሐል መስመር በእርሳስ ዙሩበት። ቆሞ ከወጣ በኋላ ይህን መስመር በትክክል ማስመር ከባድ ነው። ጠፍጣፋው ክብ ወደ ዳገት ሲሳብ የሚጎድለው ርዝመት በዙር 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አያሳስብ።

ማቆም

ሄሊክሱን የሚሸከሙት በክቡ ዙሪያ በእኩል ርቀት የተተከሉ 8 ጥንድ ኤም 8 ባለ ጥርስ ዘንጎች ናቸው። የውስጡ ዘንግ ከማዕከሉ 66.5፣ የውጪው 83.5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። በጥንዱ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይጋደማል፤ በ17 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ባለ 9 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው። ለ4.5 ዙር 37 ብረት፣ 148 ዳዶና 148 ሮንዴላ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ትንሽ አብልጣችሁ ግዙ። ኮምፔንሳቶው ከታች በ15 ሚሊ ሜትር ቪቴ ይታሰራል። የ20 ሚሊ ሜትር ቪቴ እንጨቱን አልፎ ተጋዳሚውን ያነሳዋል። የቪቴው ራስ የሚገባበት የብረቱ ቀዳዳ በሰፊ መብሻ ሰርጎድ ይበል፤ አለበለዚያ ራሱ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ታች ወጥቶ ያጠራቀምነውን ባዶ ቦታ ይበላዋል።

ዘንጉን ከመቁረጣችሁ በፊት ከሚቆረጥበት በታች አንድ ዳዶ አስገቡ። ከተቆረጠ በኋላ ያን ዳዶ አዙሮ ማውጣት የተበላሸውን ጥርስ ያጸዳዋል። ይህን ያልሠራ ሰው እያንዳንዱን ዘንግ በሞረድ ሲታገል ይውላል።

የኤም 8 ጥርስ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንዱ ጥንድ ወደ ቀጣዩ መንገዱ 12.25 ሚሊ ሜትር ይወጣል፣ ማለትም ዳዶው 9.8 ዙር ይዞራል። ዳዶውን መቁጠር ጥሩ መነሻ ነው፤ ቁመቱ ግን ሁልጊዜ ከመሠረቱ ይለካ እንጂ ከታችኛው ዙር አይሁን። በየዙሩ የሚታለፍ አንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት እየተጠራቀመ ላይ ሲደርስ አምስት ይሆናል። ለዳገቱ ማረጋገጫ 60 ሴንቲ ሜትር ውሃ ልክ ወስዳችሁ በዝቅተኛው ጫፍ ሥር 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አጣብቁ። መንገዱ ላይ ስታስቀምጡት አረፋው መሐል ከቆመ ዳገቱ ልክ ነው። ሌላው 76 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የእንጨት መለኪያ ነው፤ በሀዲዱ ላይ ተንሸራቶ ከየብረቱ ሥር ማለፍ አለበት። የተያዘበት ቦታ ላይ ዳዶው ይስተካከላል።

መሠረቱ ራሱ በውሃ ልክ የተስተካከለ፣ ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ማዕቀፍ ይሁን። በውስጠኞቹ ዘንጎች መካከል 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚተርፍ ሰው ከሥር ጎንበስ ብሎ ገብቶ መሐሉ ላይ ይቆማል። ይህ ቦታ ለሥራም ለጥገናም የግድ ነው።

ባቡሩ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀጥ ያለ ሀዲድ ከክቡ የሚለይበት ነጥብ በዘንጎቹ ጥንድ ትይዩ ይሁን። ከዚያ 26 ዲግሪ ያህል አልፎ የውጪውን ዘንጎች መስመር ይሻገራል፤ ቀጣዩ ጥንድ 45 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በሁለቱ መካከል በሰፊው ያልፋል። ነጥቡን ወደ መሐል ያዛወረ ሰው ግን ዘንግ መንገዱ ላይ ተገትሮ ያገኘዋል።

ሀዲዱና ሽቦው

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አንድ ዙር እንጨት፣ ሀዲዱ፣ ሽቦው፣ ሙከራው፤ ከዚያ በኋላ ቀጣዩ ዙር። እንጨቱን በሙሉ አቁሞ ሀዲዱን በኋላ ለመዘርጋት ማሰብ በ77 ሚሊ ሜትር ክፍተት ውስጥ እጅ ከቶ መሥራት ነው።

ተጣጣፊው ሀዲድ አንዱ 91.4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከማለስለሻዎቹ ጋር 26 ያስፈልጋል። መጋጠሚያው ኩርባ ላይ እንዳይሰበር ሁለት ሁለቱን ገና ቀጥ ሳሉ በሊድ በይዱ፣ ከዚያ አጥፏቸው። ሲታጠፍ የውስጠኛው ሀዲድ ከእያንዳንዱ 91.4 ሴንቲ ሜትር 20 ሚሊ ሜትር ያህል ተርፎ ይወጣል፤ በአንድ ሙሉ ዙር 104 ሚሊ ሜትር ነው። ትርፉ ተቆርጦ ጫፉ በሞረድ ይለስልስ። የጣት ጥፍር መጋጠሚያው ላይ ሲሄድ ከተያዘ መንኮራኩሩም ይያዛል።

ጥንዶቹ እርስ በርሳቸው ግን አይበየዱም። 21 ሜትር ሀዲድ በ20 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። መሄጃ ካጣ ጎብጦ ከእንጨቱ ይነሳል። በየጥንዱ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ሥራው በጣም በሚቀዘቅዝ ወይም በጣም በሚሞቅ ቀን አይሁን። ከሀዲዱ ሥር ቡሽ አያስፈልግም፣ ቁመት ይበላል። ሀዲዱን ወደ ውስጥ ማዘንበልም እዚህ አይሠራም፤ እውነተኛ ባቡር በፍጥነት ሲዞር የሚጠቅመው ነገር በሄሊክስ ውስጥ ፉርጎዎቹ ወደ መሐል እንዲወድቁ ይረዳል። ሀዲድ መቀየሪያም ሄሊክስ ውስጥ አይገባም።

ለሽቦው፣ ዋናው መስመር ሄሊክሱን ተከትሎ መዞር የለበትም። በቀጥታ ወደ ላይ ይውጣ፤ በየሁለተኛው የዘንግ ጥንድ፣ ማለትም በአራት ቦታ። ያኔ በየ1.2 ሜትሩ ቅርንጫፍ ሽቦ ይገኛል፣ እያንዳንዱ የሀዲድ ጥንድም ቢያንስ አንዱን ያገኛል። ዋናው መስመር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ቅርንጫፎቹ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሆነው ከ30 ሴንቲ ሜትር አይርዘሙ። ለዲጂታል መቆጣጠሪያ የሽቦ ውፍረት ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ10 ሜትር ርቀት በ3 አምፔር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 0.4 ቮልት ያህል ይበላል፤ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 1.4 ቮልት ይበላና ባቡሩ ላይኛው ዙር ላይ ይደክማል።

ቀይ ሽቦ ሁልጊዜ ለውጪው ሀዲድ ከተባለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጸናል፤ በሄሊክስ ውስጥ የውጪው ሀዲድ የትም ቦታ የውስጥ አይሆንምና። ዋናው ጠንቅ ዘንጎቹ ብረት መሆናቸው ነው። የቀይም የጥቁርም ቅርንጫፍ ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ ያንኑ ዘንግ ከነኩ ሾርት ይሆናል፣ ቦታውን መፈለግም ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ሽቦው በዘንጉ በሚያልፍበት ሁሉ የፕላስቲክ ቱቦ ይልበስ። እያንዳንዱ ዙር እንዳለቀ ሁለቱን ሀዲዶች በሳንቲም አገናኙ፤ መቆጣጠሪያው ወዲያው ኃይል መቁረጥ አለበት። ሳይቆርጥ የሚያመነታ ከሆነ በዚያ ቦታ የሽቦው ግንኙነት ደካማ ነው፣ በእውነተኛ ሾርት ጊዜም ሀዲዱና መንኮራኩሩ ይቃጠላሉ። ሄሊክሱ የራሱ ሰርኪት ብሬከር ቢኖረው ጥሩ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚፈጠር ሾርት የሁለቱን ደርብ ባቡሮች ሁሉ እንዳያቆም።

ባቡሩ የት እንደደረሰ የሚጠቁም መብራትም ያስፈልጋል። በመግቢያው፣ በመሐሉና በመውጫው የኢንፍራሬድ ወይም የኤሌክትሪክ ፍሰት ዳሳሽ ይገጠምና በፊት ለፊት ሰሌዳው ላይ ሦስት ትንንሽ መብራቶች ይታዩ።

ደርቦቹ

የታችኛው ሀዲድ ከወለሉ 105፣ የላይኛው 151 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። ቁመቱ አጠር ላለ ሰው ሁለቱንም አብሮ ዝቅ ማድረግ ነው እንጂ በመካከላቸው ያለውን መቀነስ አይደለም። የላይኛው ደርብ ውፍረት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የታችኛውን መልክዓ ምድር ለማየት 36 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። የታችኛው ጥልቀት 60፣ የላይኛው ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር። ሁለቱ እኩል ከሆኑ የላይኛው ጥላ ይጥላል፣ ጎንበስ ያለ ሰውም ግንባሩን ይመታል። ደጋፊዎቹ ግድግዳው ውስጥ በጥብቅ የታሰሩ ባለ ኤል ቅርጽ ብረቶች ይሁኑ፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት።

የታችኛው ደርብ ብርሃን ከላይኛው ሥር ይመጣል። በሜትር 4.8 ዋት የሚወስድ የኤልኢዲ ጥብጣብ ለ15.6 ሜትር 75 ዋት ያህል ነው፤ በ12 ቮልት ከ6 አምፔር በላይ ይሆናል። ከአንድ ጫፍ ብቻ ከተመገበ ሌላው ጫፍ ይደበዝዛል፤ በየ5 ሜትሩ አዲስ መስመር ይድረሰው። ይህ ሥራ የታችኛው መልክዓ ምድር ከመሠራቱ በፊት ይለቅ፤ የብረትና የሽቦ ስብርባሪ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ሙከራው

የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ ረጅሙን ባቡራችሁን ውሰዱበት። ወደ ላይ ንዱት፣ መሐል ላይ አቁማችሁ እንደገና አስነሡት፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየገፋችሁ አውጡት። ቀላል ፉርጎ ከፊት ሆኖ ከባዱን የሚጎትት ከሆነ፣ ሰልፉ እንደተወጠረ ገመድ ወደ ክቡ መሐል ይሳባል፣ ቀላሉም ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ከባዶቹን ወደ ፊት ማምጣት፣ ቀላሎቹ ላይ እስከሚመከረው ድረስ ክብደት መጨመር፣ የፕላስቲክ መንኮራኩሮችን በብረት መተካት ይበጃል። ባቡሩ ሲወርድ ደግሞ የሚፈተነው በተቃራኒው ነው፤ ሰልፉ ሎኮሞቲቩን እየገፋ ይጨናነቅና በጣም ረጅም ፉርጎ ከአጭር ጋር በተያያዘበት ቦታ ወደ ውጪ ይወጣል።

አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሀዲድ የሚስት ከሆነ ጥፋቱን ፉርጎው ላይ ከመፈለግ በፊት መጋጠሚያውን በጣት ፈትሹ፣ ቀጥሎም ውሃ ልኩን። ሁልጊዜ ያው አንድ ፉርጎ ብቻ የሚስት ከሆነ ግን መንኮራኩሩን መለኪያ ላይ አድርጉት። መንኮራኩሩ በባዶ የሚሽከረከር ሎኮሞቲቭ ካለ ብዙ ጊዜ ሀዲዱ ላይ ዘይት አለ ማለት ነው፤ ከሎኮሞቲቮቹ ማርሽ የሚንጠባጠበው ዳገት ላይ በመቅጽበት ይታወቃል።

በሁለቱም የመንገዱ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ስስ ፕላስቲክ ይታሰር፤ በውጪው በኩል የሚያሳይ ቢሆን ይመረጣል። የላይኛው ዙር ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ ከዚያ የወደቀ ሎኮሞቲቭ አይጠገንም። ሄሊክሱ በተራራ ከተሸፈነ ከጀርባው ወይም ከጎኑ ተነቃይ ሰሌዳ ይተውለት፤ ቢያንስ በ30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ክንድ እስከ ትከሻው የሚገባበት፣ በቪቴ ሳይሆን በማግኔት የሚያዝ።